ከደጃችን የተቀዳው ጭቃ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤ ሰላምታዬ በመካከላችን ያለውን መንገድ ሁሉ ሞልቶ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

እኔ ያው፣ ተመራማሪዎቹ ከባሕሩ ወለል የሚያወጡትን ጭቃ በወንፊት እያጠብኩ ትሉንና ዛጎሉን እለያለሁ። የሩቁ ባሕር ትል ሌላ፣ የደጃችን ባሕር ሌላ ስለሆነ ጭቃው የት እንደተቀዳ ሳይነግሩኝ አውቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ከሩቁ ባዶ ዛጎል ብቻ መጣ። ቀጥሎ ወደኛ ቀረብ ካለው ስፍራ፣ ትሎቹ ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው ጉድጓዳቸውን ጥለው ጭቃው ላይ ተጋድመው መጡ።

አለቃዬን ብጠይቀው፣ "እትዬ፣ እነሱ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣሉ፤ አንቺ ወንፊትሽን እጠቢ" ብሎ ሳቀብኝ። በየምሳ ሰዓቱ ካልዋኘ የማይሆንለት ሰውዬ፣ አሁን ፎጣውን እንኳ ይዞ አይመጣም።

ትናንት ከደጃችን የተቀዳውን አጠብኩ። ወንፊቱ ላይ ምንም አልቀረም።

ልጄ ዋናዋን አልተወችም። "እማዬ፣ እግሬን የሚኮረኩረኝ ነገር እኮ ጠፋ" ትለኛለች።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እሷ ናት፤ አንቺን ናፍቃ ነው። እናንተ ጋ ባሕር ስለሌለ የዋና ልብሷን አላስያዝኳትም። ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ፤ እሷን ግን ቶሎ አትመልሺብኝ።

የምትወድሽ ታላቅሽ