በርገን የሚሄደው ነጠላ

ለልጄ ለሉሊት፦

ጌታ የወጣሽበትን በር መመለሻሽም ያድርገው። እኛ ደህና ነን። ጨንቻ እንደምታውቂያት በጉም ተሸፍናለች፤ የተከልሽው ፖምም ዘንድሮ አፈራ።

አባትሽን ታውቂው የለ? ለውጭ አገር ሸምን ሲሉት «ለማላውቀው ትከሻ አልሸምንም» እያለ ስንቱን ነጋዴ መለሰ። ሰሞኑን ግን አንዲት ነጋዴ መጥታ ነጠላዎቹን ወደ በርገን ከተማ እንደምትልክ ስትነግረው «ልጄ ያለችበት?» አለና ወዲያው ድር ማድራት ጀመረ።

እኔም ስፈትል ሐሳቤ ይሄዳል። ክሩ ከእንዝርቴ ወጥቶ፣ አባያ ሐይቅን ተሻግሮ፣ አንቺ በምትሄጂበት መንገድ ሲያልፍ ይታየኛል።

ብርዱ እንዳይመታሽ ደርበሽ ውጪ። በሰው አገር ሰው ይስጥሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ አባትሽ የሸመነውን፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላ የለበሰች ሴት ካየሽ፣ አስፈቅደሽ ጫፉን ዳሰስ አድርጊው። እጄ ነው።

እናትሽ