የቨርጂል አሮጌ ፒክአፕ

ውድ ወንድሜ ሌስተር፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ስንዴው ተሰብስቦ አልቋል፤ ሜዳው ባዶውን እንደ ባሕር ተኝቷል።

አንድ ነገር ላማክርህ ነው። የጎረቤታችን የቨርጂል ሰማያዊ ፒክአፕ ትዝ ይልሃል? ከዛፎቹ ኋላ ከቆመ ሃያ ዓመቱ ነው። የጭነቱ ቦታ ሣር አብቅሏል፤ ነፋስ ሣሩን ሲያወዛውዘው መኪናው ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። ገዝቼ እየፈታታሁ ልጠግነው አማረኝ፤ ግን ሁለት ልብ ሆኛለሁ።

ማርሊስን ታውቃታለህ። በአርባ ዓመት ትዳራችን አንዲት የዛገች ብሎን እንኳ ግቢ እንዳስገባ ፈቅዳልኝ አታውቅም። አሁን ግን "ግዛው" አለችኝ። "ምን ነካሽ?" ብዬ ብቆጣ ሳቀችና ድንች መላጥ አስያዘችኝ። ሰሞኑን ሾርባ መሥራት እያስተማረችኝ ነው። የልብስ ማጠቢያውንም አሠራር አሳይታኛለች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ለማርሊስ ሕክምና ከተማ ደርሰን እንመጣለን። ትናንት ስንመለስ ቨርጂል ዘንድ ጎራ አልን። ማርሊስ ፒክአፑ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

"የት ደረስሽ?" አልኳት።

"ዝም በል፣ እየነዳሁ ነው።"

ቨርጂል ኮፈኑን መታ መታ እያደረገ "አይዞህ ኦርሊን፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የዘንድሮው በረዶ ጥሎ ሲቀልጥ ትነዳዋለህ" አለኝ።

ማርሊስ ዓይኗን ገለጠች። "ከዚህ የባሰ የተበላሸ የለህም ወይ ቨርጂል? ብዙ ዓመት የሚፈጅበት?"

እስኪ ምን ትመክረኛለህ? ማርሊስ ሰላም ብላሃለች። ዘንድሮ ገናን ሳትጠብቅ ብትመጣ ደስ ይለናል።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ኦርሊን