ዶርያ እንዳትሞትብን

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለቆንጂት፣ ደሴ።

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃውን ይወጣልሻል ወይስ አሁንም ከታች ሆነሽ ልጆቹን ትጣሪያለሽ? ዓይንሽስ? ስኳርሽስ? መቼም ቢሻልሽም ተሻለኝ አትይም፣ አውቅሻለሁ፤ ቢሆንም ልጠይቅ። ተክለጻድቅን ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን፤ ጥርሴ ቢያልቅም ምላሴ አለ። ልጄ ሐናም ደህና ናት፣ እንደ ልማዷ ሥራ ሥራ እንዳለች ነው። እዚህ ኦስሎ አሁን ገና በአሥር ሰዓት ይጨልማል። ሲጨልም እሌኒ ከትምህርት ቤት ትመጣና እኔና እሷ መብራቱን አብርተን ወሬያችንን እንጀምራለን።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ዶርያ ትባላለች፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከማን ወገን ናት ብለሽ አትልፊ፣ ጭራሽ የለችም። የልጄ ልጅ እሌኒ ከራሷ አውጥታ የፈጠረቻት ናት። ድሮ ግሪኮች እንዲህ ያለ ተረት ነበራቸው አሉ፤ ከዚያ ቀዳች፣ ከራሷ ጨመረች፣ ለልጅቷ አንድ አገር ሠራችላት። በኖርስክ፣ በዚህ አገር ቋንቋ ትጽፈዋለች፤ ለኔ ደግሞ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ትነግረኛለች። ሙሉ መስከረምን እንዲህ ነው ያሳለፍነው።

የዶርያ አገር የነጭ ድንጋይ ከተማ ነው፣ ከፊቱ ባሕር ከኋላው ተራራ። አማልክታቸው ብዙ ነው፣ የንስሐ አባቴ እንዳይሰሙ። ተራራው ላይ ተሰብስበው ሲበሉ፣ ሲቀናኑ፣ የሰው ሚስት ሲያማትሩ ይውላሉ፤ እኔ እንኳ አንድ ሥራ ያለው አላገኘሁባቸውም። ዶርያ እስከ ወገቡ ሰው፣ ከዚያ በታች ፈረስ የሆነ አስተማሪ አላት። የሚተኛው አልጋ ላይ ነው ጋጣ ውስጥ? ብዬ እሌኒን ብጠይቃት፣ እማማ እሱን አልጻፍኩም አለችኝ። ታዲያ ምኑን ጻፍሽው! ደግ ነው ግን፤ ቀስት ያስተምራታል፣ ሲደክማትም ጀርባው ላይ ያወጣታል።

አባቷ የነፋስ አምላክ ነው፣ እናቷ መረብ የምትጠግን ድሃ። ወልዶ ካዳት። ልጅቷ ስትናደድ ንፋስ ይነሣና የጎረቤቱን ልብስ ከገመድ ላይ ጠራርጎ ይወስዳል። የከተማው ሰው አንቺ የላይኞቹ ነሽ ይላታል፤ ተራራ ስትወጣ ደግሞ አንቺ የታችኞቹ ነሽ ብለው ይመልሷታል። እሌኒ ይሄን ስትነግረኝ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። እዚህ ሆልምሊያ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ዛሬም ከየት ነሽ ይሏታል። ያን ክረምት እናንተ ጋ ስትመጣ ደግሞ የሰፈርሽ ልጆች ፈረንጇ ሲሏት አንቺም ሰምተሻል።

ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው። የሞት አገር ጌታ የዶርያን እናት ያለ ቀኗ ወሰዳት። ልጅቷ ልትመልሳት ወረደች። በሩ ላይ ጠጉሯ እባብ የሆነ በረኛ ቆማለች (ማን ይሆን የሚሠራላት!)። የመጣውን ሁሉ የማን ነህ፣ የማን ነሽ ብላ ትጠይቃለች፤ መልስ ያጣ ድንጋይ ይሆናል። እሌኒም፣ ዶርያ መልስ ታጣለች፣ ድንጋይ ትሆናለች፣ እዚያ ላይ ያልቃል አለችኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ ሰፈራችን ባለው ቤተ መጻሕፍት ወጣቶች የጻፉትን ለሰው የሚያነቡበት ቀን ነበር፤ እሷም ስሟን አስመዝግባ ነበር። ምን አደረገችሽና ነው የምትገድያት? ብዬ ተቆጣኋት። እማማ፣ የማንም አይደለችም እኮ፣ ምን ትበል? አለችኝና ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ቆንጂቴ፣ እራቴን ሳልነካ ገበታውን አነሣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩወርቅ፣ ያቺ እንደኔው አፏ የማያርፈው ጓደኛዬ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ አለችኝ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ዘረገፍኩላት። ዶርያ የምትባል አንዲት ልጅ አለች፣ አባቷ ካዳት፣ እናቷ ሞተችባት፣ እስከ ሐሙስ ካልተደረሰላት አለቀላት አልኳት። የተጻፈች ናት ማለቱን ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ረሳሁት! ጥሩወርቅ አለቀሰች፤ እሷን አይቼ እኔም አለቀስኩ። ሄዳ ካህኑን ጠራቻቸው። ክርስትና ስሟ ማነው? ሲሉኝ አፌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ወለተ ሥላሴ አልኩ። በጸሎት ያዟት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተደወለ። እሌኒ ብትከፍት፣ ጥሩወርቅ ከፊት ሆና፣ አሥራ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ ሙዝና ጭማቂ ይዞ፣ በረዷማ ጫማውን እያራገፈ። የታመመችውን ልጅ ልንጠይቅ ነው አሉ። ማንን? ብትላቸው፣ ዶርያን። አቶ ተረፈ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ሐኪም ቤት ካለችም መኪናዬ ውጪ ናት አሉ። እሌኒ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። በረኛዋ ራሷ የማን ነሽ ያለችኝ ይመስል ድንጋይ ሆኜ ቀረሁ።

እውነቱን እሌኒ ነገረቻቸው። ጥሩወርቅ፣ ለወረቀት ነው ያስለቀስሽኝ? ብላ ጮኸችብኝ። ግን ሙዟን ይዛ አልሄደችም። ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠችና፣ እሺ፣ ታዲያ ልጅቷ እንዴት ሆነች? አለች። እሌኒ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሸንጎ ሆነልሽ። አቶ ተረፈ፣ አባትየው ይከሰስ፤ እዚህ ቢሆን ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ደሙን አስመርምሮ ልጅህ ናት ይለው ነበር አሉ። ጥሩወርቅ፣ በረኛዋን እንቅልፍ እስኪወስዳት በወሬ ታድክማት፣ ካስፈለገ በለጡን ይዛት ትውረድ አለች፣ ወደኔ እየጠቆመች። እሌኒ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከስንት ሳምንት በኋላ ጥርሷን አየሁት።

እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። የጨው ነጋዴዎች ከበራችን ጥለውሽ ያለፉ ጊዜ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ የማን ነሽ ሲሉሽ ሦስት ቀን መልስ አልነበረሽም። በሦስተኛው ቀን እናታችን ሽማግሌ አስጠርታ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረችና ጥቢ አለችሽ። ጠባሽ። ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ናት፣ የማን ነሽ የሚላት ሰው እኔን ይጠይቅ አለች። አንቺም በማግስቱ የኔን አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ ወንዝ ወረድሽ፤ እህት እንዳገኘሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። ለካ ለእሌኒ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። እማማ፣ ቆንጂት የእውነት እህትሽ አይደለችም ማለት ነው? አለችኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ቀሚስ የምትጨቀጭቀኝ ሌላ ማን ልትሆን ነው? አልኳት። ወረቀቷን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ሐሙስ ሁላችንም ሄድን፣ ሐናም ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። እሌኒ በኖርስክ ነው ያነበበችው፤ ቋንቋው ባይገባኝም ድምጿን ተከትዬ እያንዳንዱን ቦታ አውቀዋለሁ። በሩ ጋ ስትደርስ የጥሩወርቅን እጅ ጨምድጄ ያዝኩ። ያን ጊዜ እሌኒ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አውራ ጣቷን አነሣች። ሐና በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። ዶርያ ያ ፈረሱ አስተማሪዋ ለመንገድ የሰጣትን ማር ከጉያዋ አወጣች፤ የበረኛዋን ጣት ይዛ ቀባችና ጠባች። በረኛዋን ከተፈጠረች ጀምሮ ነክቷት የሚያውቅ የለም። እባቦቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። የማን ነሽ? ስትላት፣ ያንቺ አለቻት። የራሷን ልጅ እንዴት ድንጋይ ታድርግ? በሩ ተከፈተ። እናቷን ይዛ ወጣች፤ አሁን ሁለት እናት አላት።

ሲያልቅ አንዲት ነጭ ጠጉር ያላቸው የዚህ አገር ሴትዮ ተነሥተው፣ ይሄ ማር የግሪኮች ነው ወይ? ብለው ጠየቋት። እሌኒ ወደኛ አየችና፣ አይደለም፣ የኛ ነው አለች። ሐና ይሄን ተረጎመችልኝና መሐረቧን ፈለገች። እኔም መነጽሬን ወልውዬ ወልውዬ አልጠራ አለኝ።

ለካህኑም በማግስቱ ደውዬ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ለመሆኑ ዳነች? አሉኝ። ዳነች አባ፣ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

እሌኒ ማር ልላክላት ስትል ስኳሯን አስቢ አልኳት፤ ስለዚህ የጻፈችውን ልካልሻለች። ኖርስኩን ማንበብ ባትችይም የመጀመሪያውን ገጽ እዪው፤ በራሷ እጅ፣ በአማርኛ፣ ለቆንጂት ይላል። ፊደሉ ቢንጋደድም አትሳቂባት።

ተክለጻድቅን ሳሉን ይተው በይልኝ። ሜሉን ሳሚልኝ፣ ሳምሶንን ደግሞ ቁመቱ ይበቃል፣ አሁን ትምህርቱ ይርዘም በይው። ጎረቤትሽን ኡምኩልሱምን ስለ ልጇ ሠርግ እንኳን ደስ ያለሽ በያት። አንቺን ዓይንሽን፣ ጉንጭሽን፣ ያን ማር የጠባ አፍሽን ስሜዋለሁ። ቀሚሱን ግን እስካሁን አልተውኩልሽም።

የእናትሽ ልጅ በለጡ

ኦስሎ፣ ሆልምሊያ
ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.