ከአስሩ ሰባቱ

ውድ የልጄ አባት፣

ብዕር ያነሳሁት በስልክ ልነግርህ በጀመርኩ ቁጥር «እሺ፣ አሁን ስንት ከመቶ ደረሰ?» ብለህ ስለምታቋርጠኝ ነው። ደክሞኛል። ልቆጣህ እንኳ አቅም የለኝም።

ዶክተሯ የመጀመሪያው ቀን ያለችንን ታስታውሳለህ። የጉበት ካንሰር ይዟቸው እንደ ልጃችን በጊዜ ከደረሱ ልጆች ከአስሩ ሰባቱ ይድናሉ አለች። አንተ ሰባቱን ይዘህ የጭነት መኪናህን አስነሳህ፤ እኔ ሦስቱን ይዤ አልጋዋ አጠገብ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በገባላት ቁጥር የመዳን ዕድሏ እንደ ስልክ ባትሪ የሚሞላ መስሎሃል። ጠይቂልኝ ስላልከኝ ዶክተሯን ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፍራ መነጽሯን መጥረግ ጀመረች። «ይሄ ቁጥር እኮ ከእሷ በፊት ከታከሙት ልጆች የተሰላ ነው። የእሷን ገና አብረን ነው የምናየው» አለችኝ። ስለዚህ የምልክልህ ቁጥር የለኝም።

ሌላ ወሬ ግን አለኝ። ዕጢው አንሷል። ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ፀጉሯ ካለቀ ወዲህ ነርሷን «ሻምፖዬን ውሰጂው፣ ለአንቺ በነጻ ነው» እያለች ታስቃታለች፤ ተረበኛነቷ ቁርጥ አንተን ነው። ምግብ ግን እምቢ ብሏታል። የሾርባው ጋሪ በር ላይ ሲደርስ ገና ሽታውን ሸሽታ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔም ወንበር ላይ እያደርኩ ወገቤ የእኔ መሆኑን ረስቻለሁ።

እንደምትወዳት አውቃለሁ። እንዲህ ሆና ለማየት አንጀትህ እንዳልቻለም አውቃለሁ። «ሥራ በዛብኝ» ስትለኝ ዝም ያልኩት አምኜህ ሳይሆን አዝኜልህ ነው።

ትናንት እግሯን ሳሻት ግን ዝም ብዬ የማላልፈውን ነገር አመጣችብኝ። ለካ የስልክ ወሬያችንን ሁሉ ትሰማ ኖሯል።

«እማዬ፣ ከአስሩ ሰባቱ ይድናሉ አይደል?»

«አዎ የኔ እናት፣ ብዙዎቹ ይድናሉ።»

«የእነዚህ ሁሉ ልጆች አባቶች ይመጣሉ» አለች ወደ ሌሎቹ አልጋዎች እያየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ የማይመጣው እኔ ከሦስቱ ስለሆንኩ ነው?»

«ኧረ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» አልኳት።

ዋሽቻታለሁ። እባክህ፣ ከሐሙስ በፊት እውነት አድርግልኝ።

የልጅህ እናት