ወደ መንደር የዞረው ዝንጣፊ

ለወንድምዓለም፦

ጤናህ እንዴት ነው? እጅህስ፣ በዝናብ ይጠዘጥዘኛል ያልከው ተሻለህ? እኛ ሁላችንም አለን። የእማማ ጉልበት ብቻ ከበረንዳው አላወርድ ብሏታል። የሶሮንግ ሙቀት እንዴት ይዞሃል ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ግን ሶሮንግ መሆንህን ከተጠራጠርኩ ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ቆይ፣ አትቆጣ። በልጅነትህም የማትወደውን ወሬ ግማሹን ሰምተህ ነበር የምትሮጠው። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከሥራዬ ልጀምር። እንግዳ ማረፊያችን አራት ክፍል ሆኗል። ሰው የሚመጣልኝ ግን ለአልጋው ብሎ አይደለም። ጠዋት ነፋሱን አይቼ "ዛሬ እዚህ ሂዱ" ስለምላቸው ነው። ልጆች ይዞ ለመጣ ረጅሙ አሸዋ፤ ውሃው ሩቅ ድረስ ከጉልበት አያልፍም። ማዕበል ለሚጋልቡት ጎረምሶች ደቡቡ ጫፍ፣ ያውም ከቀትር በፊት። ዓሣ እየጠበሰ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ለሚፈልግ ከዛፎቹ ሥር፣ አሮጌው ጀልባ ከተገለበጠበት አጠገብ። መነጽር አጥልቆ ኮራልና ዓሣ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በዚህ በምሥራቅ ነፋስ ወራት ያለን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሎላ ዳርቻ። ሌላው ሁሉ ደፍርሶ ጭቃ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እኔ ጀልባህን ሳጥብልህ አንተ ጫፉ ላይ ተቀምጠህ፣ የትኛው ውሃ ለምን እንደሚሆን ትነግረኝ ነበር።

ታዲያ አባባ በሰኔ የሎላን ዳርቻ ዘጋብኝ። ሳሲ አሰረበት።

የሳሲ ጠባቂ መሆኑን አልረሳሁም። ሎላው፣ ያ ባለ ዛጎሉ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ እስኪያድግ የኮኮናት ዝንጣፊ አስሮ ማንም እንዳይለቅም መከልከል ሥራው ነው። ግን ሳሲ መልቀምን እንጂ መዋኘትን መቼ ከልክሎ ያውቃል? ዘንድሮ እግርም አይረግጠውም አለ። አንድ እንግዳ አለኝ፣ ፓክ ሄንድሮ የሚባሉ፣ ከሱራባያ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ። ዓሣ ለማየት ብለው ነው ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጡት። አባባ ዘንድ ሄደው "እኔ እኮ ዓሣዎቹን ላያቸው እንጂ ላገባቸው አልመጣሁም" ቢሉት፣ አባባ ቀና ብሎም ሳያያቸው "ያዩት ይበቃዎታል፣ ተመልሰው ይሂዱ" አላቸው። ሰውየው ወደ እኔ መጥተው "ልጄ፣ አባትሽ ባሕሩን ለብቻቸው ሊጠጡት ነው እንዴ?" አሉኝ። ሳቅኩላቸው።

ከዚያ ጎረቤታችን ማማ ፔትሮኔላ መጣች። ታውቃታለህ፣ ወሬ ሲኖራት ጨው ትበደራለች። ጨዉን እያፈሰች "እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው የሚለው" አለችኝ፤ አባትሽ በየሐሙሱ ብቻውን እየሄደ ሎላ ይለቅማል፣ ከባሕር የሚረከበው ሰው አለ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተናል ነው የሚሉት አለች። ደሜ ፈላ። "ያንን የሚል ሰው አባባ ፊት ቆሞ ይበለው" ብዬ ከነጨዋ አባረርኳት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ጥርጣሬው እኔው ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የገዛ አባቴን እንደ ሌባ እከታተል ጀመር፤ ሲወጣ ሲገባ፣ ቅርጫቱን፣ እግሩ ላይ የቀረውን አሸዋ ሳይቀር። አፍሬ ነበር፤ ግን አልተውኩትም።

ሐሙስ ሐሙስ የቱዋል ገበያ ጀልባ ስለሚሄድ መንደሩ ባዶ ነው። አባባ ያን ቀን ስድስት እምባል ይዞ ይወጣል፣ ደረቁን፣ እንደ ጣውላ የሚሰበረውን የካሳቫ ቂጣ። አባባ እኮ ጥርስ የለውም! ለእሱ በሻይ ካልነከርኩለት አንድም አይውጥም። "ማን ሊበላው ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ባሕር ያስርባል" አለኝ። አጋ፣ ባሌ፣ ተነስቶ ልርዳዎት ቢለው "አንተ ሚስትህን እርዳ" ብሎ አስቀመጠው።

ባለፈው ዓርብ ውሃው ሲጎድል ብቻዬን ሄድኩ። የሳሲ ጠባቂ ልጅ ሆኜ በሳሲ ሥር አጎንብሼ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ዝንጣፊውን ነው። ሌባ የሚመጣው ከባሕር ስለሆነ ምንጊዜም ዝንጣፊው ወደ ባሕር ነው የሚዞረው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። አባባ ግን ያሰረው በእግር መንገዱ አፍ ላይ ብቻ ነው፣ ፊቱን ወደ መንደር አዙሮ። በባሕሩ በኩል አንዲት ቅጠል የለም። በሩ ለእኛ ተቆልፎ ከባሕር ለሚመጣ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ድንጋዮቹን አገላብጬ አየሁ። ሎላው ሁሉ በቦታው አለ፣ አንድም አልተነሳም። ማማ ፔትሮኔላ ዋሽታለች ብዬ ልደሰት ስል ከዛፎቹ ጥላ ሥር የተበሉ ኮኮናቶች አየሁ። ግማሾቹን የቆረጠው አባባ ነው፣ በሦስት ምት፣ ከላይ። ሌሎቹ ግን በግራ እጅ የተቆረጡ ናቸው፣ ወደ ጎን፣ በአንድ ምት። ቀኝ እጁ ሦስት ጣት የጎደለው ሰው እንደሚቆርጠው። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በደስታ ይሁን በንዴት እስካሁን አልለየሁትም።

ከሰባት ዓመት በፊት በሳሲ ወቅት ኮራሉ ላይ የጠርሙስ ቦምብ ስትወረውር፣ ሁለተኛው ጠርሙስ እጅህ ላይ ሲፈነዳ፣ አሥር ዓመት ደሴቱን እንዳትረግጥ ሲፈረድብህ፣ ፍርዱን የተናገረው አባባ ራሱ ነው። ልጄ ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ አይቀነስለትም አለ። የሚቀበለውም አብሮት ይውጣ ያለው እሱው ነው። እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ አልበላችም። አሁን ያ ሰው በሰባ ሁለት ዓመቱ እምባል በቅርጫት ደብቆ ይሄድልሃል! እኔ እሱን ስጠረጥር እሱ ደግሞ ትናገርብኛለች ብሎ እኔን ይጠረጥር ነበር ማለት ነው። መጠርጠሩም አይፈረድበትም።

እንግዲህ ስማኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ሳሲው ይፈታል። አባባ ቄሱ ፊት በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ፣ ዝንጣፊው ከታሰረ ወዲህ ማንም አልገባም ብሎ ይምላል። በሐሰት ሊምል ነው። ምሎ ቢታወቅበት ከደሴቱ ይወጣል፤ ባይታወቅበትም መሐላው ይገድለዋል፤ አባታችንን ታውቀዋለህ። ደግሞም ይታወቃል፤ ፓክ ሄንድሮ ጀልባ ይዘው በባሕር በኩል ሊዞሩ አጋን እየለመኑት ነው። ዘንድሮ ሎላው አላደገም ብሎ ለቀማውን ይሰርዝና ዝንጣፊውን አሁኑኑ ይፍታ። መሐላው የለቀማው ነው፤ ሎላ ካልተለቀመ መሐላ የለም። እኔ ብነግረው ይክደኛል፤ ካንተ ግን ይሰማል።

አንተም ለነገርህ የሚሆነውን ዳርቻ ከእኔ ተማር፤ ተራው የእኔ ነው። የሎላ ዳርቻ ዓሣ ለሚያይ ነው። ተደብቆ አባቱን ለሚያገኝ ከቤታችን ጓሮ በታች፣ ከመቃብሮቹ ሥር ያለችው ጠባቧ ነች። አሸዋ የላትም፣ እንግዳ አይጠይቃትም፣ ነፋሱም አያገኛትም። በሚቀጥለው ሐሙስ ውሃው ሞልቶ ሳለ ግባ፤ መጉደል ሲጀምር ቶሎ ውጣ፣ ድንጋዩ ጀልባህን ያስቀራታል። እማማን በወንበር ተሸክመን እናወርድልሃለን። አጋ ተሸከም ስለው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት ይህን ላለመጻፍ ሳይሆን አይቀርም። ጠርሙሱ እጅህ ላይ የፈነዳ ቀን አባባ ከገደሉ ላይ ሆኖ ይጠብቅህ ነበር። ማን ነገረው እያልክ ሰባት ዓመት አጋን ስትጠረጥር፣ ማማ ፔትሮኔላንም ስትረግም እንደኖርክ አውቃለሁ። ተዋቸው። የነገረው ሰው ጠርሙሶቹን ከጀልባህ ወለል ሥር ያየ ሰው ነው። ዝም ብል ትሞታለህ ብሎ የፈራ ሰው ነው። እጅህን ግን አላዳነልህም። ይህን ካነበብክ በኋላ ብትመጣም ባትመጣም ሐሙስ ከመቃብሮቹ ሥር እቆማለሁ።

ደብዳቤውን ከእምባሉ ሥር አድርጌዋለሁ። አባባ እንዳያነበው መነጽሩን ደብቄበታለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን እያመሰው ነው። የባሕር ኮከብ የሆነችው እመቤታችን ነፋሱን ታብርድልህ፣ ጀልባህን ከድንጋይ ትጠብቅልህ፣ በሰላም ዓይን ለዓይን ታገናኘን።

ጀልባህን ታጥብልህ የነበረችው ታናሽ እህትህ