ፊልሙ ሳይጀመር ገዳዩን የነገረን ሰውዬ

ልጄ፣ የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወስዶ «የዚህን ወር ፊልሞች የመረጥኳቸው እኔ ነኝ» ሲል አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበለት። ቀድሜ ስለ ጤናሽ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ንዴቴ ቀደመኝ። አክስትሽ ቤት ፈጣሪ በደህና ያኑርሽ።

ፊልም ኑዋር የሚባሉትን ጥላ የበዛባቸው የወንጀል ፊልሞች ከጥንቶቹ ጥቁርና ነጭ እስከ ዘንድሮዎቹ ባለቀለም ድረስ አይቼ የመረጥኩት፣ በየምሽቱም ለተመልካች ያስተዋወቅኩት እኔ ነበርኩ። አያትሽ አንዱም አላመለጣት፤ «እነዚህ ሰዎች አምፖል የላቸውም እንዴ?» እያለች ስታስቀን ከረመች።

ሰውዬው በመጨረሻው ምሽት ማይክሮፎኑን ነጥቆኝ ከተጨበጨበለት በኋላ፣ ፊልሙን ላስተዋውቅ ብሎ ገዳዩ ማን እንደሆነ አፈረጠው። «ኧረ ጋሼ፣ ምን አስቀሩልን!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ።

በማግስቱ ቢሮው ጠራኝ። «የኔ እህት፣ ስም ምን ያደርግልሻል? የሚቀጥለውንም ወር አዘጋጂልን» አለኝ።

«ስሜ ፖስተሩ ላይ ካልወጣ አላዘጋጅም።»

«ሥራሽን አትፈልጊውም ማለት ነው?»

«እፈልገዋለሁ፤ ከነስሜ።»

እስከ ሰኞ አስቢበት ብሎኛል። ሊያባርረኝ ይችላል፤ አንቺ ግን አትጨነቂ። ሹራብ ሳትደርቢ አትውጪ፣ እሑድም ደውይልኝ። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኔ የለፋሁበትን ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ሲያቀርበው ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

እናትሽ