ቃሬዛዋ ስትመለስ

ነሐሴ 6፣ 1995። ረፋድ።

ዝናብ። ጭቃ። ድምፄ ደህና ነው፤ ጓሮ ወጥቼ ሞከርኩት፣ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። የከበሮው ቆዳ ግን ላልቷል። ምድጃ አጠገብ ነው ያለው፣ ይደርቅ። ሻደይ አሥር ቀን ቀረው። የሰቆጣ ልጃገረድ ሁሉ ሻደይ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገቧ ላይ አስራ ቤት ለቤት እየዞረች የምትጨፍርበት ሳምንት! ት/ቤት ዝግ፣ ሆዴ ክፍት። የሰፈራችን ዘፈን አውጪ እኔ ነኝ። አምና ግን ሁለት ነበርን። እኔ አወጣለሁ፣ ዝናሽ ትመልሳለች።

እሺ ደብተሬ፣ አትቆጪ። የክሊኒኳ ሲስተር ልታወሪው ያቃተሽን ጻፊው ብላኝ እንደገዛሁሽ አልረሳሁም። እስካሁን ምን ጻፍኩብሽ? ማን ምን ለበሰች፣ ፍየላችን የማንን ጎመን በላች። ዛሬ ልሞክር።

ባለፈው ጥር እኔና ዝናሽ ከኒሯቅ ገበያ ስንመለስ ማሽላ የጫነ መኪና ላይ ወጣን። ሰፈራችን መግቢያ መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። ማንም አልሞተም፣ ተመስገን። እኔና እሷ ጆንያ ስር ቀረን፣ ጎን ለጎን። ቀድመው እኔን አወጡኝ። ከዚያ

ከዚያ እናቴ ጠራችኝ። ምስር ልለቅም። በሰዓቱ ደረሰች፣ ትኑርልኝ።

ነሐሴ 8። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ወፍጮ ቤት ዝናሽን አየኋት። ምርኩዟን ይዛ። አየችኝ፣ ሰማይ አየች። እኔ አህያ አየሁ። ደህና ዋልሽ፣ ተመስገን፣ በቃ። አብረን ዳዴ ያልን ሰዎች! ከጥር ወዲህ እንዲህ ነን፤ አንዳችን ሌላውን ስናይ ያ መታጠፊያ ትዝ ይለናል መሰለኝ። ናፈቀችኝ። ክፉኛ ናፈቀችኝ።

ከሰዓት ልምምድ። የኔን ግጥም ማን ይመልስ? ጥሩ የምትባለዋን ልጅ ሞከርናት። ጥሩ ወርቅ የሆነች ልጅ ናት፣ መልሷ ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። እስክናለቅስ ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ራሷ ጥሩ ተናገረች፦ የዝናሽ እግሯ እንጂ ድምፅዋ አልተሰበረም፣ በቃሬዛ ተሸክመን ለምን አናዞራትም?

ጩኸት፣ እልልታ። እኔ አልሳቅሁም። መኪናው የተገለበጠ ቀን በዚያችው በሰፈሩ ቃሬዛ ነው ወደ ክሊኒክ የወሰዷት። ከኋላ ከኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 10። ማለዳ።

ትናንት ሁላችንም ዝናሽ ቤት። ጥሩ ነገረቻት። አፏን ይዛ ሳቀች፣ እሺ አለች። ከዚያ ወደኔ አየች፤ የምትለው ያላት መሰለኝ። እኔም አለኝ። ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን።

ቃሬዛዋ ያለችው አባ ኃይሉ ዘንድ ነው፣ የእድራችን ዳኛ። ልንለምናቸው ስንሄድ መጀመሪያ በኽምጣና ተቆጡን፤ ሲናደዱ እንደዚያ ናቸው። ቀጥሎ በአማርኛ ደገሙልን፣ አንዲትም እንዳታመልጠን። ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አይወጣም፣ ክፉ ነገር መጥራት ነው። ልጃገረዱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዝናሽ ግን በምርኩዟ ወደፊት ራመድ አለችና፦

“አባ፣ እያለቀስኩ ሄጄባታለሁ። እየሳቅሁ ልመለስባት። ይፍቀዱልኝ።”

ሽማግሌው ጢማቸውን ብዙ አሹ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ ሰው ወደ ክሊኒክ ሲሄድባት እንጂ ሲመለስባት አይቼ አላውቅም። እንግዲያው ከዚህ አትነሱ። ከክሊኒኩ ደጅ ተነሱና እየጨፈራችሁ ወደ ቤቷ አምጧት። ጉልበታቸውን ሳምን። ተኮሳትረው ገቡ፤ በሩን ከዘጉ በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ነሐሴ 12።

ዛሬ እጽፈዋለሁ። እናቴ ቤት የለችም፣ ምስሩም ተለቅሟል።

ከዚያ፦ ጆንያው ከላዬ ሲነሳ ፀሐይ አየሁ። ዝናሽ ገና ከስር ናት፣ ስታቃስት ይሰማኛል። እና እኔ

ደስ አለኝ።

ይኸው። በጣም ደስ አለኝ። ስለሷ አላሰብኩም። አየሩን ስስብ፣ እጅና እግሬን ሳይ፣ ሳቅሁ። ሰው ድንጋጤ ነው አለ። ድንጋጤ አይደለም፤ ደስታ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ። ከዚያ እሷን እግሯ ተሰብሮ አወጧት። ያን ጊዜ ደስታዬ አፌ ውስጥ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በሳቅሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ከሲስተር ጋር ስንገናኝ ፍርሃት እላታለሁ፣ ቅዠት እላታለሁ። ይህቺን ብቻ አላልኳትም። አየሽ ደብተሬ፣ ጻፍኳት፣ ቤቱም አልፈረሰም።

ነሐሴ 15። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ሹሩባዬን ተሠራሁ። ቆንጆ ሆኛለሁ፣ መስታወት ይመስክር።

ግጥም መጣልኝ፣ እናቴ ፀጉሬን እየጎተተች ሳለ። ለዝናሽ በአካል ሄጄ ለመንገር ሦስቴ ከቤት ወጥቼ ሦስቴ ተመለስኩ። ዘፍኜ ግን የማልለው ነገር የለም። ነገ ደጇ ስንደርስ አወጣዋለሁ። ብትቀየመኝስ? ሻደይም ጓደኛም በአንድ ቀን ይቀርብኛል። ግን እላታለሁ።

ነሐሴ 17። ጠዋት፣ ድምፄ ተዘግቷል።

ደብተሬ ደብተሬ ደብተሬ!

ከክሊኒኩ ደጅ ተነሳን። ቃሬዛዋ በሻደይ ሣር ተሸፍና አረንጓዴ፣ ዝናሽ ከላይ ነጭ ቀሚስ፣ ኩል፣ የአክስቷ ድሪ። አራት ልጆች ተሸክመዋታል፣ እኔ ከፊት ከበሮ። ሲስተር ወጥታ እልል አለች። ጭቃው ሲያንሸራትታቸው ዝናሽ ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ትዘፍናለች። አባ ኃይሉ በርቀት ይከተላሉ። ቃሬዛዋን ሊጠብቁ ነው አሉ፤ ሲያጨበጭቡ አይቻቸዋለሁ።

ደጇ ደረስን። አወጣሁት፦

ቀድሜሽ ወጣሁና ፀሐይ ሳይ ደስ አለኝ፣
ልነግርሽ ስነሳ እፍረት ከለከለኝ።

ሰዉ ስለ ክረምቱ መስሎት አጨበጨበ። እሷ ገባት። ፊቷ ተለወጠ። ከበሮ መምታት ረሳሁ። ሞትኩ አልኩ። ዝናሽ ከላይ ሆና አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ ያ ድምፅ፣ ከአምና ወዲህ ያልሰማሁት፦

አንቺ ስትወጪ እኔ ቀናሁብሽ፣
ዛሬ ከላይ ሆኜ ቁልቁል ልሳቅብሽ!

ሳቋ ቃሬዛዋን አንቀጠቀጣት፣ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ተልፈሰፈሱ፣ ሊጥሏት ነበር። እኔ ከበሮዬን አቅፌ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።

በኋላ ደጃፏ ላይ ሁለታችን ብቻ። ሁሉንም አወራን። ከስር ሆና ረግማኝ ነበር፤ ለምን እሷ ቀድማ ወጣች ብላ። ሰባት ወር ሙሉ እርግማኗን የሰማሁ እየመሰላት ታፍረኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቄን የሰማች እየመሰለኝ! እሷንም ሲያወጧት ፀሐይዋን አይታ ደስ ብሏት ኖሯል፤ እግሯን ረስታው። ተያየን። እንደገና ሳቅን። በዚህኛው ሳቅ አላፈርኩም።

ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው፣ የላይኛው ሰፈር ይጠብቀናል። ቃሬዛዋን ከፊት በኩል የምይዘው እኔ ነኝ፣ ለምኜ ነው ያገኘሁት። ከበሮው ለጥሩ ተሰጠ፣ እግዜር ይርዳን። ይኸው ደጅ ደርሰዋል። ዝናሽ ከላይ ሆና በስሜ ግጥም እየወረወረች ነው፣ ስለ አፍንጫዬ። መልሱን መንገድ ላይ እፈጥራለሁ።